ቀርሺ፣ ጠገራ ብር እና ኮሩና

ሰበታ ገበያ ውስጥ አንዱ "ብር" ይላል፣ ሌላው "ቀርሺ" ይላል። አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተመሳሳይ ወረቀት ነው። ለሥራ ወደ ፕራግ የመሄድ ነገር ሲመጣ "የቼክ ገንዘብ ምን ይባላል? የትስ ይመነዘራል?" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምሠራው ኮድ መጻፍ ነው፤ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ንባቡ ከፕራግ ተነስቶ ሰበታ ገበያ መልሶ ጣለኝ።

ከፕራግ በስተምሥራቅ ኩትና ሆራ የምትባል የብር ማዕድን ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1300 የቦሔሚያው ንጉሥ ቫትስላቭ ሁለተኛ እዚያ "የፕራግ ግሮሽ" የሚባል የብር ሳንቲም ማስቀረጽ ጀመረ። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ "ወፍራም" ማለት ነው። ጀርመኖች ግሮሸን አሉት፣ ቱርኮች ኩሩሽ፣ ዓረቦች ቂርሽ። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያሠሩ የብሩን ሽርፍራፊ "ግርሽ" አሉት። ኦሮምኛ ደግሞ "ቀርሺ" ብሎ የገንዘብ ሁሉ ስም አደረገው።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው በቦሔሚያ ተራሮች ውስጥ ሌላ የብር ማዕድን ተገኘ። ቦታው ዛሬ ያኪሞቭ ይባላል፤ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ነው። እዚያ የተሠራው ትልቅ የብር ሳንቲም "ዮአኪምስታለር"፣ ሲያጥር "ታለር" ተባለ። "ዶላር" የሚለው ቃልም ከዚሁ ነው የወጣው። ወላጆቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት ገንዘብ ደግሞ የዚሁ ታለር ዘር ነው። ማርያ ትሬዛ የሃንጋሪና የቦሔሚያም ንግሥት ነበረች፤ ማዕረጉ ሳንቲሙ ላይ በአጭሩ ተቀርጿል። የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት፤ ቪየና ቢሠሩ፣ ሮም ቢሠሩ፣ ለንደን ቢሠሩ ያው 1780 ነው።

ለምን ዓመቱ አልተቀየረም? ተጠቃሚው ስላልፈለገ ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያና በእኛ አገር ነጋዴው መልኩን የሚያውቀውን ብር ብቻ ነበር የሚቀበለው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የፀጉሯን ማሰሪያ ያያል፣ የዕንቁ ነጥቦቹን ይቆጥራል። ነጥቡ የጠፋ፣ መልኩ ያለቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ምኒልክ ፓሪስ ያሠሩት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር በክብደት ከማርትሬዛው ጋር እኩል ነበር፤ የራሳቸው ምስልና አንበሳም ነበረበት። ሆኖም ገበያው ወደ ማርትሬዛው አደላ። የገዛ ንጉሡን ብር ትቶ የማያውቃትን ንግሥት ያመነው አገሩን ስለናቀ አይመስለኝም። የኖረበትን ነገር ነው ያመነው። እምነት በአዋጅ አይታተምማ!

ምንዛሬም ያኔ ነበረ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በእነዚህ አቅጣጫዎች ሲመላለስ የኖረው ነጋዴ ከጠገራው ጋር አሞሌ ጨው ይይዝ ነበር፤ አሞሌ የጠገራው ዝርዝር ነው። ጨው የሚወጣው ከአፋር በረሃ ስለሆነ፣ ከምንጩ በራቃችሁ ቁጥር በአንድ ጠገራ የምታገኙት አሞሌ ያንሳል። እንግዲህ "የዕለቱ ምንዛሬ ስንት ነው?" ብቻ ሳይሆን "እዚህ ቦታ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ከጥንትም ግዴታ ነበር።

ከዚያ ብረቱ ወረቀት ሆነ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ በእንግሊዝኛ "ዶላር" ተባለ፤ በአማርኛ ግን "ብር" ነበር። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ 2.07 ሆነ፤ መንግሥት ተገልብጦም፣ ጦርነት ተነስቶም ቁጥሩ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ንቅንቅ አላለም። ፕሮግራመር እንደዚህ ዓይነቱን ቁጥር ኮዱ ውስጥ ተቸክሎ ሲያየው ይጠራጠራል፤ ውጭ ያለው ዓለም ሲለዋወጥ እሱ ዝም ካለ አንድ ቦታ ላይ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ነው። በ1985 መስከረም ላይ አንዴ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 በላይ ሆነ። እናቴ ሰበታ ላይ ቤት ልትጨርስበት ያስቀመጠችው ብር ከደብተሩ ላይ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የጎደለው የሚገዛው ፌሮ ብረት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 የቼኮዝሎቫኪያ ፕሬዚዳንት ዛፖቶትስኪ "ገንዘባችን ጽኑ ነው" የሚል ማረጋገጫ ለሕዝቡ ሰጠ። በማግስቱ የገንዘብ ለውጥ ታወጀ። እያንዳንዱ ሰው እስከ 300 ኮሩና ያለው ጥሬ ገንዘብ አምስቱ በአንድ ተቀየረለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ሃምሳው በአንድ! ፕልዘን ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች አደባባይ ወጡ። የግሮሽና የታለር አገር ሰዎችም ቁጠባቸው በአንድ ሌሊት ሲቀልጥ አይተዋል ማለት ነው።

ለመንገደኛ የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ቼክ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ገንዘቧ ዛሬም ኮሩና ነው። ብራችሁን እዚያ የምንዛሬ ሰሌዳ ላይ አትጠብቁት፤ ዩሮ ወይም ዶላር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። በፕራግ አውሮፕላን ማረፊያና ቱሪስት በሚበዛባቸው ጎዳናዎች ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የከፋ ነው፤ የአሞሌው ሕግ ተገልብጦ መሆኑ ነው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር እነሱ ኮሩና ሲገዙ እንጂ ለእናንተ ሲሸጡ የሚሠራ ላይሆን ይችላል። "ኮሚሽን የለም" የሚለውም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ትርፉ ዋጋው ውስጥ ሊኖር ይችላል። መንገድ ላይ "ልመንዝርልህ" የሚል ሰው ደግሞ ዋጋ የሌለው የሌላ አገር ኖት ሊያስታቅፋችሁ ይችላል። ካርድ ከተጠቀማችሁ ማሽኑ "በራስህ ገንዘብ ላስላልህ?" ሲል በኮሩና ይሁን በሉ፤ አለበለዚያ ምንዛሬውን የሚወስነው ማሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሕጉ በምንዛሬ ቤት እስከ 1000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሬን በሦስት ሰዓት ውስጥ ያለ ክፍያ ለመሰረዝ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ገንዘቡን ከመስጠታችሁ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "100 ዩሮ ብሰጥህ፣ ሁሉም ነገር ተቀናንሶ እጄ ላይ ስንት ኮሩና ይገባል?" መልሱን በወረቀት ወይም በካልኩሌተር አስጽፉ፣ ከዕለቱ ዋጋ ጋር አስተያዩ፣ ካልጣማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አያቶቻችን የዕንቁ ነጥብ ሲቆጥሩ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። በወረቀት ላይ የሚቆጠር ዕንቁ የለም፤ የመጠየቅና የመመለስ ልማዱ ግን በእጃችን ነው።