ላውንቸር (የስልክ መተግበሪያ)

ላውንቸር በአንድሮይድ ስማርት ስልኮች ላይ የመነሻ ገጹን የሚያዘጋጅና የሚያስተዳድር መተግበሪያ ነው። ተጠቃሚው የመነሻ ቁልፉን ሲጫን ወይም ጣቱን ከስክሪኑ ግርጌ ወደ ላይ ሲጠርግ የሚመጣለት ገጽ፣ በላዩ የተደረደሩት አዶዎች፣ ዊጅቶችና ፎልደሮች፣ እንዲሁም ሙሉው የመተግበሪያዎች ዝርዝር የላውንቸሩ ሥራ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ከስልኩ የማይነጠል አካል አድርጎ ያየዋል። በአንድሮይድ ግን እንደ ካልኩሌተር ወይም እንደ ካሜራ ሁሉ ራሱን የቻለ መተግበሪያ ስለሆነ በሌላ ሊተካ ይችላል። የአፕል አይፎን ይህን አይፈቅድም።

አሠራር

በአንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ መተግበሪያ የትኞቹን ጥሪዎች መቀበል እንደሚችል ማኒፌስት በተባለ ፋይል ውስጥ ያስመዘግባል። ተጠቃሚው ወደ መነሻ ገጽ ለመመለስ ሲፈልግ ስርዓተ ክወናው «መነሻ ገጽ ይታይ» የሚል ጥሪ ያስተላልፋል፤ ለዚህ ጥሪ የተመዘገበ ማንኛውም መተግበሪያ ላውንቸር ሊሆን ይችላል። የተመዘገቡት ከአንድ በላይ ከሆኑ ስልኩ ተጠቃሚውን ያስመርጣል። ምርጫው በቅንብሮች ውስጥ ነባሪ መተግበሪያዎች በሚለው ክፍል በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል።

አዲስ ላውንቸር መጫን የቀድሞውን አያጠፋም። አዶዎቹ ቦታቸውን ሲለቁ ወይም ከገጹ ሲጠፉ መተግበሪያዎቹ የተሰረዙ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተቀየረው የሚታዩበት ገጽ ብቻ ነው። አዲሱ ላውንቸር ከስልኩ ሲወገድ የድሮው ገጽ እንደነበረ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ከአንድሮይድ 9 (እ.ኤ.አ. 2018) ጀምሮ በቅርብ የተከፈቱ መተግበሪያዎችን የሚያሳየው ገጽ ከስልኩ ጋር ከመጣው ላውንቸር ጋር ተጣምሮ ይሠራል። አንድሮይድ 10 በጣት ጠረጋ የሚሠራውን አዲስ አሰሳ ይዞ ሲወጣም ይህ አሰሳ መጀመሪያ ላይ ከሌሎች ላውንቸሮች ጋር አልሠራም ነበር፤ በኋላ ተስተካክሏል። ዛሬም በአንዳንድ ስልኮች ላይ ከውጭ የመጣ ላውንቸር የሚጠቀም ሰው ወደ መነሻ ገጽ ሲመለስ የሚያየው መንተክተክ ከዚሁ የመጣ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የላውንቸሩ ገንቢ አይደለም።

ዊጅት

ዊጅት መተግበሪያው ሳይከፈት ይዘቱን በመነሻ ገጹ ላይ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ነው። ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ሙዚቃ ማጫወቻና ማስታወሻ የተለመዱት ናቸው። ከአዶ የሚለየው አዶ በር ሲሆን ዊጅት ደግሞ መስኮት በመሆኑ ነው።

ዊጅት በላውንቸሩ ገጽ ላይ ቢታይም የላውንቸሩ ንብረት አይደለም። የአየር ሁኔታ ዊጅትን የሚያዘጋጀው የአየር ሁኔታ መተግበሪያው ነው። ይህ መተግበሪያ «ይህን ጽሑፍ እዚህ፣ ይህን ምስል እዚያ አድርግ» የሚል የመመሪያ ጥቅል ለላውንቸሩ ይልካል፤ ላውንቸሩም በመመሪያው መሠረት ይስላል። መተግበሪያው ራሱ በላውንቸሩ ውስጥ ስለማይሠራ አንድ የተበላሸ ዊጅት ሙሉውን የመነሻ ገጽ ይዞ አይወድቅም። ሌላው ውጤት ዊጅት የፈለገውን ሁሉ ማሳየት አለመቻሉ ነው፤ መመሪያው የሚቀበላቸው የተወሰኑ ቅርጾችን ብቻ ነው።

ባትሪን ለመቆጠብ ስርዓተ ክወናው በራሱ መርሐ ግብር ዊጅትን የሚያድሰው ቢበዛ በየ30 ደቂቃው አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ መታደስ የሚፈልግ መተግበሪያ ሌላ መንገድ መጠቀም አለበት። የሰዓት ዊጅት በየደቂቃው ሳይዘገይ የሚቆጥረው፣ ላውንቸሩ ራሱ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ልዩ የሰዓት አካል ስለተዘጋጀለት ነው። በአንዳንድ ስልኮች ላይ አምራቹ ከበስተጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ያለ ርኅራኄ ስለሚዘጋ ዊጅቶች ሰዓታት ያለፈበት መረጃ ይዘው ይቀራሉ። መፍትሔው በባትሪ ቅንብሮች ውስጥ ያንን መተግበሪያ ከገደቡ ነፃ ማድረግ ነው።

የመነሻ ገጽን ቅጂ አስቀምጦ ወደ ሌላ ስልክ የሚወስድ ሰው አዶዎቹን በቦታቸው ያገኛቸዋል፤ ዊጅቶቹን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ማስቀመጥ ይኖርበታል። እያንዳንዱ ዊጅት በተቀመጠበት ስልክ ላይ የራሱ መለያ ቁጥርና ፈቃድ ስለሚሰጠው ይህ ቁጥር ወደ ሌላ ስልክ አይሻገርም።

አዶና የአዶ ጥቅል

እስከ አንድሮይድ 7 ድረስ እያንዳንዱ ገንቢ የመተግበሪያውን አዶ በፈለገው ቅርጽ ያዘጋጅ ስለነበር ክቡ፣ ካሬውና ቅርጽ አልባው በአንድ ገጽ ላይ ይደባለቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ተለማማጅ አዶን አመጣ። በዚህ አሠራር አዶው የፊትና የኋላ በሆኑ ሁለት ንብርብሮች ይዘጋጃል። ንብርብሮቹ 108 በ108 የሆነ የስፋት መለኪያ ሲኖራቸው የሚታየው መካከለኛው 72 በ72 ብቻ ነው፤ የቀረውን ላውንቸሩ ክብ፣ ካሬ ወይም ጠብታ አድርጎ ይቆርጠዋል። አንድሮይድ 13 (2022) ሦስተኛና ባለ አንድ ቀለም ንብርብር ጨመረ፤ በዚህም አዶዎቹ ከስልኩ የጀርባ ምስል የተወሰደውን ቀለም መልበስ ቻሉ። ገንቢው ይህን ንብርብር ካላዘጋጀ የዚያ መተግበሪያ አዶ ብቻውን በድሮ ቀለሙ ሊቀር ይችላል።

የአዶ ጥቅል ደግሞ የሌሎች መተግበሪያዎችን አዶዎች የሚተኩ ምስሎችን የያዘ መተግበሪያ ነው። በውስጡ የትኛው ምስል የትኛውን መተግበሪያ እንደሚወክል የሚናገር ዝርዝር አለ፤ ላውንቸሩ ይህን ዝርዝር አንብቦ አዶዎቹን ይለውጣል። በዝርዝሩ ያልተካተተ መተግበሪያ የራሱን አዶ ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ በሌላ አገር የተዘጋጀ ጥቅል የጫነ ሰው ገጹ ሁሉ አምሮ በአገሩ ብቻ የሚታወቁት የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ባይቀየሩ ሊገርመው አይገባም። አብዛኞቹ ዘመናዊ ላውንቸሮች እንዲህ ያለውን አዶ አንድ በአንድ በእጅ ለመቀየር ያስችላሉ።

ታሪክ

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ የኤችቲሲ ድሪም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ በመነሻ ገጹ ላይ ሰዓትን የመሳሰሉ ጥቂት ዊጅቶች ነበሩት። ዊጅት መሥራት ለማንኛውም ገንቢ የተፈቀደው በሚያዝያ 2009 በወጣው አንድሮይድ 1.5 ነው። በ2011 የወጡት የ3 ተከታታይ ስሪቶች ይዘታቸው የሚሸበለልና መጠናቸው የሚቀየር ዊጅቶችን ጨመሩ። አንድሮይድ 4.2 በ2012 ዊጅትን ወደ መቆለፊያ ገጹ አስገብቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድሮይድ 5.0 አስወጣው። ከዚያ በኋላ ጉግል ለዓመታት ዊጅትን ችላ ብሎት ቆይቶ በአንድሮይድ 12 (2021) እንደገና አደሰው።

የአንድሮይድ ላውንቸር ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ከጉግል ውጭ ያሉ ገንቢዎች ቀድመው ገቡበት። ኤዲደብሊው ላውንቸር፣ ላውንቸርፕሮ፣ ጎ ላውንቸርና ኤፔክስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስም ያተረፉ ናቸው። ትላልቅ ኩባንያዎችም ሞክረዋል። ፌስቡክ በሚያዝያ 2013 ፌስቡክ ሆም የተባለ ላውንቸር ኤችቲሲ ፈርስት ከተባለ ስልክ ጋር አወጣ። የመነሻ ገጹ በአዶዎች ፈንታ የጓደኞችን ፎቶና ጽሑፍ የሚያሳይ ነበር። ስልኩ በአሜሪካ ከአገልግሎት ውል ጋር በ99 ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ወደ 99 ሳንቲም ወረደ። ያሁ በ2014 ኤቪዬት የተባለውን ላውንቸር ገዝቶ በ2018 ዘጋው። ማይክሮሶፍት በ2015 አሮው ብሎ ያወጣውን ላውንቸር በ2017 በራሱ ስም ጠራው።

ኖቫ ላውንቸር

ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ዕድሜና ብዙ ወዳጅ ያገኘው በ2011 በገንቢው በኬቪን ባሪ የተጀመረው ኖቫ ላውንቸር ነው። የአዶውን መጠን፣ የረድፉን ብዛት፣ የጣት ጠረጋውን ትርጉም ሳይቀር ለተጠቃሚው የሚተው በመሆኑ ለዓመታት የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። በሐምሌ 2022 የሞባይል ሊንክና የትንተና አገልግሎት የሚሰጠው ብራንች ገዛው። ተጠቃሚዎች ወዲያው ያነሱት ጥያቄ የሰውን የስልክ አጠቃቀም መተንተን ሥራው የሆነ ኩባንያ የሰውን የመነሻ ገጽ ለምን ፈለገ የሚል ነበር። በነሐሴ 2024 አብዛኛው የኖቫ ቡድን ከሥራ ተቀንሶ ባሪ ብቻውን ቀረ፤ በመስከረም 2025 እሱም ለቀቀ። ቀደም ሲል የብራንች የወቅቱ ኃላፊ ባሪ ከለቀቀ ኮዱ ለሕዝብ እንደሚከፈት ተናግረው ነበር። ባሪ ሲወጣ ግን ይህንኑ የመክፈት ሥራ እንዲያቆም እንደተጠየቀ አስታወቀ።

ኮዳቸው ከመጀመሪያው ክፍት ከሆኑት መካከል ላውንቼር፣ ፍለጋን ማዕከል ያደረገው ኪስ ላውንቸር እና ለአረጋውያን በትልልቅ ፊደላትና ቁልፎች የተዘጋጀው ባልድፎን ይገኛሉ። ኮድ ክፍት መሆኑ ልማቱ እንዳይቆም ዋስትና አይሰጥም፤ ቢቆም ሌላ ሰው እንዲቀጥለው ግን በር ይተዋል።

ግላዊነትና ደኅንነት

ላውንቸር ከሌሎች መተግበሪያዎች ሁሉ ይልቅ ስለ ባለቤቱ ብዙ ሊያውቅ ይችላል። መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት በእሱ በኩል ስለሆነ ሰውየው ጠዋት መጀመሪያ ምን እንደሚከፍት፣ የትኛውን ባንክ እንደሚጠቀም፣ የጤና ወይም የጸሎት መተግበሪያ እንዳለው ያያል። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ተራ መተግበሪያዎች በስልኩ ላይ ሌላ ምን እንደተጫነ በነፃነት እንዳያዩ ተገድበዋል፤ ላውንቸር ግን ዝርዝሩን ሳያይ ሥራውን መሥራት አይችልም።

ከዚህ በላይ የሚከብዱት ተጨማሪ ፈቃዶች ናቸው። በአዶ ላይ ያልተነበቡ መልእክቶችን ቁጥር ለማሳየት ላውንቸሩ ማሳወቂያዎችን የማንበብ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ፈቃድ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የማሳወቂያውን ጽሑፍ፣ ባንክ የሚልከውን የማረጋገጫ ኮድ ጭምር ሊያሳይ ይችላል። ስክሪኑን ሁለቴ በመንካት ለመቆለፍ የተደራሽነት ፈቃድ የሚጠይቁም አሉ፤ ይህ ፈቃድ በመጥፎ እጅ ከወደቀ በስክሪኑ ላይ ያለውን እስከ ማንበብና በባለቤቱ ፈንታ እስከ መንካት ይደርሳል። ፈቃዶቹን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስሙ ያልታወቀና በማስታወቂያ የተሞላ ነፃ ላውንቸር ሁለቱንም ሲጠይቅ እምቢ ማለት ከገጹ ውበት በቀር የሚያስቀረው ነገር የለም።

በመነሻ ገጹ ላይ ያለው ቦታ ለኩባንያዎችም ትልቅ ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው አምራቾች የፍለጋ መተግበሪያውንና ክሮምን አስቀድመው እንዲጭኑ ማስገደዱን ጨምሮ በአንድሮይድ ላይ ለጣላቸው ገደቦች ነው። በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዩሮ ዝቅ አድርጎታል።

በአይፎን

አይፎን በ2007 ሲወጣ አዶዎቹ በቋሚ ረድፍ የተቀመጡ ነበሩ። የጀርባ ምስልና ፎልደር በ2010፣ በመነሻ ገጹ ላይ የሚቀመጥ ዊጅት በመስከረም 2020 ከአይኦኤስ 14 ጋር መጡ። በዚያው ሰሞን ዊጅትስሚዝ የተባለው መተግበሪያ በአፕል መደብር አናት ላይ የወጣ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎች በአቋራጭ መተግበሪያው በኩል የራሳቸውን ምስል አዶ እያደረጉ ገጻቸውን በአንድ ቀለም ማልበስ ጀመሩ። ይህ ዘዴ የመተግበሪያውን አዶ አይለውጥም፤ ወደ መተግበሪያው የሚወስድ አቋራጭ በሌላ ምስል ይፈጥራል። አዶን በፈለጉት ባዶ ቦታ ማስቀመጥ የተቻለው በ2024፣ በአይኦኤስ 18 ነው። ላውንቸርን መተካት እስካሁን አይቻልም።

የኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር

ቴክኖ የተባሉት ስልኮች ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲገጣጠሙ ቆይተዋል። የቴክኖ ሃይኦኤስና የኢንፊኒክስ ኤክስኦኤስ የየራሳቸው ላውንቸር አላቸው።

ስልኩ በአማርኛ ቢደረግም ከስልኩ ጋር የሚመጡት የሰዓትና የቀን ዊጅቶች በአብዛኛው መስከረም ሳይሆን ሴፕቴምበር ብለው የፈረንጆቹን ቀን ያሳያሉ። ችግሩ የስሌት አይደለም። ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ጳጉሜንን ጨምሮ 13ቱም ወሮች፣ በስርዓተ ክወናው የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ የአፕል ስርዓትም እንዲሁ አለው። የቀረው ገንቢዎች በዊጅታቸው ውስጥ መጥራቱ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ መተግበሪያዎችም በመደብሮች ይገኛሉ።

ለሰዓቱ ምንም ሳይጭኑ የሚሠራ ዘዴ አለ። የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ከዓለም አቀፉ መነሻ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚነበበው ሰዓት ደግሞ ከዚህ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልዩነቱ ከመነሻው 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነችው ከቦነስ አይረስ ሰዓት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የዓለም ሰዓት ዊጅት ላይ ቦነስ አይረስን መርጦ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ያደረገ ሰው አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 7:00 ሲሆን 1:00፣ ንጋት 6:00 ሲሆን 12:00 ያነብባል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ሰውም አገር ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያሰላ ያያል። ዊጅቱ ላይ የሚታየው የከተማ ስም ግን ቦነስ አይረስ እንደሆነ ይቀራል።