ከኪስራ ወደ ዳቦ፦ የባሕሪ ገበታና የአንጀት ታሪክ

ከካርቱም ተነሥቶ የጥቁር ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ባሕሪ ለገባ ኢትዮጵያዊ ኪስራ እንግዳ ምግብ አይደለም። ከማሽላ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገር፣ ዓይን የሌለው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የእንጀራ ዘመድ ነው። ይህን ምግብ በጥልቀት ካጠኑት ሰዎች አንዱ በዚያው በባሕሪ፣ በሻምባት በሚገኘው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ያስተማሩት ሐሚድ ዲራር ናቸው። እኒህ ምሁር የገጠር አሮጊቶችን እየጠየቁ የኪስራን፣ የመሪሳንና የካዋልን አሠራር መዘገቡ። ካዋል ቅጠል ተወቅጦ፣ በእንስራ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሁለት ሳምንት ያህል ቦክቶ በሥጋ ፈንታ ወጥ የሚሠራበት ነው፤ ሽታው ግን ለእንግዳ ይከብዳል። መጽሐፋቸው በ1993 እ.ኤ.አ. ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን በድጎማና ከውጭ በገባ ስንዴ ምክንያት የከተማው ሕዝብ ከኪስራ ይልቅ ዳቦን እያዘወተረ ሄደ። በታኅሣሥ 2018 በአትባራ የተነሣው ዓመፅ መነሻው የዳቦ ዋጋ መሆኑ የዚህ ምስክር ነው።

ታዲያ ይህ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው? ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዲክ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚከሱ ልጆች ስንዴ ሲቀርባቸው እንደሚያገግሙ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ተመልክቶ ነበር። በ1944–45 የረኃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ግምቱ ጠነከረ፤ በ1950ም በጥናት አቀረበው። በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በዘር ዝንባሌው ባላቸው ሰዎች ዘንድ፣ በስንዴና በገብስ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ኃይል በራሱ አንጀት ላይ ያስነሣዋል። ማሽላና ጤፍ ግሉተን የላቸውም።

የባክቴሪያው ነገር ከዚህ ይሰፋል። ኪስራ ሲጋገር ያቦኩት ባክቴሪያዎች በእሳት ይሞታሉና ጥቅሙን ከእነርሱ መጠበቅ ስሕተት ነው። የእህሉ አሰር ግን ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አፍርሰው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ። በ2013 በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ይህ አሲድ መከላከያውን የሚያረጋጉ ሴሎችን እንደሚያበዛ አሳይተዋል። በ2010 በወጣ ጥናትም ዘንጋዳና ማሽላ የሚበሉ የቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆች፣ ከፍሎሬንስ ልጆች ይልቅ አሰር የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች በብዛት ተገኝተውባቸዋል። ይህ ሁሉ ግን ዳቦ መርዝ ነው ለማለት አያበቃም።

የሚያሳዝነው ሴሊያክ ያለበት ልጅ በረኃብ ወይም በሆድ ትል የተጎዳ መምሰሉ ነው። ከሳ ብላ እናቱ ዳቦ ትጨምርለታለች፤ እርሱም ይበልጥ ይከሳል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን፣ ቁመቱ የቀረውን ተማሪ ሰነፍ የምንለው ደግሞ እኛው መምህራን ነን።

በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ ባሕሪ የውጊያ ሜዳ ሆነች፤ ነዋሪዋም ተበተነ። ከአሮጊቶቹ አፍ የተለቀመው ዕውቀት በዚያ ጊዜ ታትሞ ከወጣ 30 ዓመት ሆኖት ነበር።