ስለ ደጀ ሰላም መታደስና ስለ ንድፉ ገንዘብ የሚናገር ታሪክ

የቤተ ክርስቲያን ደጅ የተሠራው ከድንጋይና ከእንጨት ቢሆንም፥ አገልግሎቱ ከድንጋይና ከእንጨት በላይ ነው። ሕፃን ለጥምቀት፥ ሙሽራ ለተክሊል፥ አስከሬን ለፍትሐት የሚገባው በዚያው ደጅ ነው። ነዳያን የሚቀመጡት፥ ለመግባት አልበቃሁም የሚለው ቆሞ የሚሳለመው፥ የተጣሉትም በሽማግሌ የሚታረቁት በዚያው ነው። ስለዚህ አባቶች ደጀ ሰላም ብለው የሰጡት ስም እጅግ የተገባ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲትም፥ በገበያ ቀን ሸክሙን አውርዶ ተሳልሞ የሚያልፈው መንገደኛ ከቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ የሚያየው ደጁን ነው።

ደጅ ሲያረጅና ግንቡ ሲያዘነብል ምእመናን ገንዘብ ያዋጣሉ። ያን ጊዜ ግን በየአጥቢያው አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ገንዘቡ ለድንጋይ፥ ለኖራና ለግንበኛ ይሁን እንጂ፥ ገና ምንም ሳይሠራ ስለ ምን ለወረቀት ይከፈላል? የሚል ነው። ድኻ ከመቀነቱ ፈትቶ የሰጠው ገንዘብ ነውና ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም። መልሱም ከታሪክ ሊፈለግ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ የተጻፈውን ማሰብ ይገባል። ንጉሥ ዳዊት ለልጁ ለሰሎሞን የቤተ መቅደሱን መግቢያና የጓዳዎቹን ምሳሌ አስረክቦታል። ከዚያ በኋላ ከገዛ ሀብቱ ወርቅና ብር ሰጠ፤ ሕዝቡም በፈቃዱ ጨመረ። እንግዲህ ንድፉ ከድንጋዩ ቀደመ ማለት ነው። ጌታም በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ በምሳሌ አስተምሮአል። ደብረ ታቦር ከተማ በስሙ በተጠራችበት በዚያ ተራራም ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ለመሥራት ቸኰለ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ግን የሚለውን ሳያውቅ እንደ ተናገረ ጽፎአል። ፍቅሩ መልካም ነበረ፤ ችኰላው ግን አልተመሰገነም።

በአገራችን የደጅ አሠራር ምን ያህል ታስቦበት እንደ ነበረ ጎንደር ምስክር ናት። የነገሥታቱ ግቢ 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር የተከበበ ሲሆን ዐሥራ ሁለት በሮች እንዳሉት ይነገራል። በሮቹም እንደ አገልግሎታቸው ፊት በር፥ ወንበር በር፥ ተዝካሮ በር፥ እንቢልታ በር፥ ባልደራስ በር እየተባሉ ተጠርተዋል። ፈራጅ የሚገባበት ሌላ፥ የተዝካር ሰው የሚገባበት ሌላ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተረፉት አንዱ የሆነው ደብረ ብርሃን ሥላሴም በቅጥሩ ዙሪያ ዐሥራ ሁለት ክብ ግንቦች አሉት። እነርሱም የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ ከሁሉ የሚበልጠው የመግቢያው ግንብ ግን የጌታችን ምሳሌ ነው ተብሎ ይተረጐማል። እንዲህ ያለውን ደጅ ምሥጢሩን ያላወቀ ግንበኛ ቢያፈርሰው፥ የሚጠፋው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ትርጓሜውም ነው።

ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ምድር ሌላ ምሳሌ አለ። የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም፥ ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ተሰውሮ ኖሮአል። በ1950ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ቶማስ ፓከናም የሚባል የታሪክ ጸሐፊ መጥቶ አይቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ማኅሌቱን የሚቆሙት አባቶች ግን ከርሱ በፊት ያውቁት ነበረ። የኋላ ሰዎች አዲስ ቤት በፈለጉ ጊዜ አሮጌውን አላፈረሱም፤ በአዲሱ አለበሱት እንጂ። ማደስ ማለት ይህ ነው።

ሳይመረመር የተሠራ ሥራ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ላሊበላ ታስተምራለች። በ1954 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዝናቡን ለመከላከል ሲባል ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። ሐሳቡ በጎ ነበረ፤ ነገር ግን ቅቡ ድንጋዩን ጐዳው። ከ1966 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ድርጅት ገንዘብ አውጥቶ ሳንድሮ አንጄሊኒ የተባለውን የኢጣልያ አርክቴክት ባመጣ ጊዜ፥ ከሥራው አንዱ ያንኑ ቅብ ማስለቀቅ ሆነ። ለመቅባት አንድ ጊዜ፥ ለማስለቀቅ ሁለተኛ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ይኸው አንጄሊኒ ከሉዊ ሙዠን ጋር የኢትዮጵያን ቅርሶች ዞሮ መርምሮ በ1968 ለዩኔስኮ የጥናት ጽሑፍ አቅርቦአል። ያም ገንዘብ የወጣው ለምርመራና ለሐሳብ እንጂ ለአንድም ድንጋይ አልነበረም።

ሆኖም ለንድፍ መክፈል ብቻውን አይበቃም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራቱ የብረት መጠለያዎች ንድፋቸው በውድድር የተመረጠ ነበረ፤ በ2008 ተፈጸሙ። የተሠሩት ለጊዜው ተብሎ ነበረ። ነገር ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ክብደታቸው ያስፈራው የከተማው ሕዝብ በ2018 ሰልፍ ወጥቶ አቤት አለ። እንግዲህ ነዳፊው በቦታው የሚኖሩትን ካህናትና ምእመናን ሊጠይቅ፥ የጠየቀውንም ሊሰማ ይገባዋል።

ለአንድ ደጀ ሰላም ንድፍ የሚወጣው ገንዘብ የሚገዛው ወረቀት ሳይሆን እውቀት ነው። የቆመው ግንብ ይለካል፤ ስንጥቁ ከመሠረት ይሁን ከክዳን ይመረመራል፤ የክረምት ውሃ በየት እንደሚወርድ ይታያል። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ቢለሰን እርጥበቱ በውስጡ ታፍኖ ድንጋዩን እንዲበላው ይታወቃልና፥ የሚስማማው ጭቃ ይመረጣል። ሽማግሌውና ዐይነ ስውሩ የሚረግጡት ደረጃ ልኩ ይወሰናል፤ ታቦት ሲወጣ ጥላውና ሕዝቡ የሚያልፉበት ስፋት ይሰፈራል። በመጨረሻም ጠቅላላ ወጪው በቍጥር ይጻፋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ምን እንደሚሰጥ፥ ገንዘብ ያዡም ምን እንደሚጠየቅበት ያውቃል። ሥራው በመካከል ቢቋረጥም ንድፉ ለተከታዩ ትውልድ ይቈያል። ሕግም ይህንኑ ይፈልጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን የሚያድስ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲቀበል አዝዞአል።

አንባቢ ሆይ፥ ኢዮቤልዩ የምስጋና ዘመን ብቻ ሳይሆን የተበላሸው ወደ ቀደመ ስፍራው የሚመለስበት ዘመን ነው። የአባቶችን ደጅ ለማቅናት የሚነሣ አጥቢያ፥ አስቀድሞ ጥቂቱን ገንዘብ ለሚለካው፥ ቀጥሎ ብዙውን ለሚገነባው ቢሰጥ፥ ድኻዋ ያመጣችው ሳንቲም በከንቱ አይፈስም። የሚለካውም ሰው ሜትሩን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ በደጁ የተቀመጡትን ሽማግሎች ይጠይቅ፤ ደጁን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ደጁን የሚያጸኑትን እግዚአብሔር ያጽናቸው። አሜን።