ከፒያሳ እስከ ዩኒቨርሲቲ፤ የረዣዥም ባዕድ ቃላት አከፋፈልና አጽንኦት

በደሴ ከተማ ፒያሳ የተባለውን ሰፈር የሚጠራ ሰው ቃሉን በሦስት ቀለም ይከፍለዋል፤ «ፒ-ያስ-ሳ»። በምንጩ በጣልያንኛ ግን ቃሉ ባለ ሁለት ቀለም ነው፤ አጽንኦቱም በመጀመሪያው ላይ ያርፋል። የጣልያን ጦር ደሴን ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ይዞ እንደ ነበር ይታወቃል። አማርኛ በቃል መነሻ የተናባቢዎችን መደራረብ ስለማይወድ «ፕያ»ን ለሁለት ከፈለው፤ በ«ት» ጀምሮ በ«ስ» የሚያልቀውን ድምፅ ወደ «ስ» ለወጠው፤ ጥብቀቱን ግን አልጣለም። ጥብቀት በአማርኛ ቤተኛ ነውና፤ «አለ» ሲላላ የመናገር፣ ሲጠብቅ የመኖር ግሥ ነው።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሲሆን ረዣዥም ስሞች በብዛት ገቡ። በእንግሊዝኛ ቃሉን የሚቀርጸው አጽንኦት እንጂ ጥብቀት አይደለም። «ፎቶግራፍ» በመጀመሪያው ቀለም ሲጎላ፣ የሙያው ስም «ፎቶግራፊ» በሁለተኛው ይጎላል። በ«ሽን» የሚያልቁ ስሞች አጽንኦታቸውን ከ«ሽን» በፊት ባለው ቀለም ላይ ያሳርፋሉ፤ «ኮሙኒኬሽን» በ«ኬ» ላይ እንደሚጎላ ማለት ነው። «ዩኒቨርሲቲ»ም ከአምስቱ ቀለሞች በሦስተኛው፣ በ«ቨር»፣ ይጎላል።

ፊደላችን ይህን ሁሉ አይናገርም። ሳድሱ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴም ሳይዝ ስለሚነበብ የፊደል ቁጥር የቀለም ቁጥር አይሆንም። «ትራንስፖርት» ሰባት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቀለም ሲሆን በአማርኛ «ት» ራሱን ስለሚችል ሦስት ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁትን ፊደላት በነጥብ ለይተው ነበር፤ ልማዱ ግን በኅትመት አልተስፋፋም።

ጉዳዩ የአዋቂዎች ክርክር ብቻ አይደለም። ቃሉን በአማርኛ አጠራሩ ብቻ የለመደ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲናገር ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚያሰማ አድማጩን ያደናግራል። በአንጻሩ መምህሩ የእንግሊዝኛውን አጽንኦት በአማርኛ ንግግር ውስጥ ቢያስገድድ አማርኛውን ያበላሻል፤ የአማርኛ አጽንኦት ደካማ ነው፤ ትርጉምም አይለይበትም።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈል እንላለን። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት የቀለሙን ክፍፍልና አጽንኦቱን ያመልክት። የአማርኛው መዝገበ ቃላት ደግሞ ውስ ቃሉን እንደ ማናቸውም የአማርኛ ቃል ተቀብሎ የሚጠብቀውን ፊደልና የሚነበበውን ሳድስ ያሳይ። «ፒያሳ» በሕዝብ አንደበት ያገኘውን መብት «ዩኒቨርሲቲ»ም ሊያገኝ ይገባዋል።