ሲኒማ ሲናገር ዝም ያሉ ሰዎች

ደብረ ታቦር ተወልዶ የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ያልሰማ ልጅ የለም። ጩኸቱ በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ የተሰማው የአብ ድምፅ መታሰቢያ ነው ይሉናል አባቶች። መጀመሪያ ብርሃኑ ታየ፤ ከዚያ ድምፁ ተሰማ። ማነጻጸሩን ይቅር በሉኝና፣ ሲኒማም የመጣው በዚሁ ተራ ነው።

«ባቢሎን» የተባለውን የዳሚየን ሻዜል ፊልም ያየሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከሦስት ሰዓት የሚበልጥ ፊልም ነው። ድምፅ አልባው ሲኒማ አፍ ሲፈታ፣ ትናንት የተጨበጨበላቸው ተዋንያን እንዴት እንደተረሱ ይተርካል። ገበያ አልቀናውም። እኔን ግን አንድ የከተማችንን ሰው አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሜዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ የሩሲያ የጦርነት ፊልም ይታያል። ፊልሙ ይናገራል፤ ግን ማን ይስማው? ስለዚህ አንድ መምህር ድምፅ ማጉያ ይዞ ከአቡጀዲው አጠገብ ይቆማል። ሩሲያኛ ይቻል አይቻል እንጃ! ብቻ ወታደሩን በአማርኛ ያስፎክረዋል፤ እናቲቱን በጎንደርኛ ያስለቅሳታል። እናቶቻችንም አብረው ያለቅሱ ነበር።

ጃፓኖች በድምፅ አልባው ዘመን ከፊልሙ ጎን ቆሞ የሚተርከውን ባለሙያ ቤንሺ ይሉታል። ከተዋናዩ ይልቅ እሱን ብሎ ሲኒማ የሚገባ ሰው ብዙ ነበር። ድምፅ ሲመጣ እንጀራቸው ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1932 አድማ መቱ፤ አልሆነም። ከአድማው መሪዎች አንዱ ሄይጎ፣ የዝነኛው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም፣ በዓመቱ ራሱን አጠፋ።

እኛ ዘንድስ? ያኔ አዲስ አበቤ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። በ1920 ዓ.ም. መስከረም «ዘ ጃዝ ሲንገር» ኒውዮርክ ላይ ታየና ዓለም ሲኒማ ተናገረ አለ። ለእኛ ግን አልተናገረም። ድምፅ አልባ ፊልም የሁሉም ነበር፤ ሳቅና እንባ አስተርጓሚ አይሹም። ድምፅ ሲገባ ግን ፊልም አገርና ቋንቋ አወጣ፤ እኛም ባይተዋር ሆንን። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ እስኪመጣልን 37 ዓመት ጠበቅን። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ እንደኛ ባለ ከተማ ክፍተቱን የሞሉት እንደዚያ መምህር ያሉ ሰዎች ናቸው።

የሩሲያው ፊልም ዛሬም ሞስኮ በአንድ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይሆናል። የመምህሩን ድምፅ ግን ማንም አልቀዳውም። የደብረ ታቦርን የሲኒማ ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ካለ፣ የሰማነው ሳናልቅ ይጠይቀን።