«ብለዲ»፦ ደም የሌለበት ስድብ

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሳይፈነዳ በፊት፣ ሐጅ ዩሱፍን በመሳሰሉ የካርቱም ሰፈሮች ተቀምጦ የአውስትራሊያ ወይም የካናዳ ጉዞ የሚጠብቅ ሐበሻ እንግሊዝኛን ከፊልም ቢለማመድ አይገርምም። የእንግሊዝ ፊልም ከሆነ ደግሞ «ብለዲ» የምትል ቃል ደጋግማ ትመጣለች። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ መጀመሪያ የሚገኘው ፍቺ «ደም ያለበት፣ በደም የተለወሰ» የሚል ነው። ታዲያ አውቶቡስ ዘገየብኝ ብሎ የሚነጫነጭ ሰው ምን ደም አየ? ቃል በቃል «ደማም» ብሎ የተረጎመውማ ጭራሽ ስድቡን ሙገሳ ያደርገዋል፤ በእኛ ዘንድ ደማም ማለት ደመ ግቡ፣ ሲያዩት የሚስብ ነው።

«ብለዲ» ለዘብ ያለ የእንግሊዞች ስድብ ናት። ብቻዋን ትርጉም የላትም ማለት ይቻላል፤ ሥራዋ አጠገቧ ያለውን ቃል ማክረር ነው።

ስለ አመጣጧ የሚነገረው ብዙ ነው። ለሐበሻ ጆሮ የሚጥመው «በእመቤታችን» ከሚል መሐላ ተሸራርፋ መጣች የሚለው ነው፤ «ማርያምን!» እያለ ላደገ ሰው ይህን ማመን አይከብደውም። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ድምፁም አገባቡም አይገጥምም ብለው ይጠራጠሩታል። «በእግዜር ደም» ከሚለው አሮጌ መሐላ ጋር የሚያያይዟትም አሉ። ሌሎች ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን «ደሞች» ይባሉ ከነበሩ ጠጪና ረባሽ የመኳንንት ልጆች ጋር ያገናኟታል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ቃሏ ቀድማ ከታየችባቸው ቦታዎች አንዱ ስለ ስካር የሚወራበት ነውና።

ያኔ ነውር አልነበረችም። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1711 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ የቀኑን ሙቀት የገለጸው በእርሷ ነው። በኋላ ግን የዱርዬ ቃል ተብላ ከጨዋ ቤት ተባረረች። በ1914 እ.ኤ.አ. የበርናርድ ሾው ተውኔት «ፒግማልዮን» ለንደን ውስጥ ሲታይ አበባ ሻጯ ኤላይዛ በመድረክ ላይ ተናገረቻትና አገር ጉድ አለ። በእግሯ ትሄድ እንደሆነ ተጠይቃ የሰጠችው መልስ ለእኛ «ምን ቆርጦኝ!» ነው። አውስትራሊያውያን ግን እንደ ጨው ይነሰንሷታል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪስት ለመጥራት በሠሩት ማስታወቂያ ውስጥ ከትተዋት እንግሊዞች በቴሌቪዥን አናሳይም ብለው ነበር። የቃሉ ባለቤቶች መሆናቸውን ስታስብ ያስቃል።

ወደ አማርኛ ስንመልሳት አንድ ቃል አይበቃም። ንዴት ከሆነ «የተረገመ» ወይም «ምናባቱ» ይቀርባታል፤ «ምናባቱ» ሲባል የማንም አባት እንደማይታሰብ ሁሉ በ«ብለዲ»ም ደም አይታሰብም። መጠን ለማጋነን ከሆነ «ለጉድ» ይሻላል፤ የካርቱም የግንቦት ፀሐይ ለጉድ ነው ይባላል እንጂ ደም አይጠቀስም። ድንጋጤ ሲሆን «የጉድ ያለህ!» በቂ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በ1972 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን በሰሜን አየርላንድ ዴሪ ከተማ የብሪታንያ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው በዕለቱ 13 ሰዎች የሞቱበት እሑድ የሚጠራው በዚህችው ቃል ነው። እዚያ ላይ ስድብ የለም፤ «ደም የፈሰሰበት እሑድ» ተብሎ ይተረጎማል።