ከክብሪት እስከ ነቀዝ ክኒን፦ የፎስፈረስ ታሪክ

በደካ፣ በቦንጋና በመላው ካፋ ያላችሁ ወላጆች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የነቀዝ መድኃኒት የተደረገበት በቆሎ ቤታችሁ ውስጥ የት ተቀምጧል? ልጆች የሚተኙበት ክፍል ከሆነ ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1669 ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሃምቡርግ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሲያፈላ በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ፎስፈረስ ተባለ፤ በግሪክኛ «ብርሃን ተሸካሚ» ማለት ነው። ፎስፈረስ በሰውነታችንም አለ፤ አብዛኛው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ከወተት፣ ከእንቁላልና ከባቄላ የምናገኘው ያስፈልገናል እንጂ መርዝ አይደለም።

ነጭ ፎስፈረስ ግን አየር ሲያገኘው በራሱ ይቀጣጠላል፤ ኃይለኛ መርዝም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክብሪት የሚሠራው በእሱ ነበር። ትነቱን ለዓመታት የሳቡ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች፣ የመንጋጋ አጥንታቸው ይበሰብስ ነበር። በ1888 የለንደን ክብሪት ሠራተኛ ሴቶች ሥራ ሲያቆሙ የኑሯቸው መከራ አደባባይ ወጣ። በ1906 በበርን ከተማ በርካታ አገሮች ነጭ ፎስፈረስ ክብሪት ውስጥ እንዳይገባ ተስማሙ። ዛሬ በክብሪት ቀፎ ጎን ያለው ቀይ ፎስፈረስ ነው፤ ጉዳቱ ከነጩ እጅግ ያነሰ ነው።

በእኛ ቤት አደጋው የሚመጣው በእህል በኩል ነው። ብዙ ሰው እህል ውስጥ የሚጨምረው የነቀዝ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው። እንደ ካፋ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። ጋዙ ልብንና ሳንባን ይጎዳል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ስለዚህ፦
• መድኃኒት የተደረገበትን እህል ሰው ከሚያድርበት ቤት አርቁ።
• ክኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ውሃ አታስነኩት።
• የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ከመጣ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ። ሽታ የለም ብላችሁም አትዘናጉ።
• ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ ወይም ልጅ ክኒኑን ከዋጠ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በቤት ውስጥ ውሃ ወይም ወተት አታጠጡ፤ ለማስመለስም አትሞክሩ። የማሸጊያውን ጽሑፍ በስልክ አንስታችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።
• በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ከታሸገ ያለ ክኒንም ከነቀዝ ይድናል።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት ጆንያው ያለበትን ቦታ እዩ። ለጎረቤትም ንገሩ።